የማይነሣ ኮምፒዩተር፦ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የትምህርት መሣሪያዎች ብልሽት ፍለጋ ታሪካዊ ዳሰሳ

1. መግቢያ

አንድ የትምህርት መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት መግባቱና አገልግሎት መስጠቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መግባቱ በሞዴል 19 ደረሰኝ ይረጋገጣል፤ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ ክፍል መሠራጨቱም በሞዴል 22 ይመዘገባል። አገልግሎት መስጠቱን የሚመሰክር ተመሳሳይ ቅጽ ግን የለም። ስለዚህም የአንድ ትምህርት ቤት ዓመታዊ ዘገባ ይህን ያህል ኮምፒዩተሮች አሉ ብሎ ሲያመለክት፣ ከእነዚሁ መካከል ማብሪያቸው ሲጫን የሚነሡት ስንቶቹ እንደሆኑ፣ ያልተነሡትም በምን ምክንያት እንዳልተነሡ አንባቢው ሊረዳ አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አልነሣም በሚልበት ጊዜ ብልሽቱን ለይቶ የማወቅ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ወደ ወለጋ ትምህርት ቤቶችም በምን ሁኔታ ሊገባ እንደቻለ በታሪክ መልክ መዳሰስ ነው። ወለጋ የተመረጠበት ምክንያት ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ የዘመናዊ ትምህርት ታሪኩ ረዥም ከሆነባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጊምቢ 440 ያህል፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ 650 ያህል ስለሚርቁ፣ የጥገና ጉዳይ ከርቀት ጋር ተያይዞ በግልጽ የሚታይበት ስፍራ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ዝናቡ፣ መብረቁና የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሁኔታ በመሣሪያዎች ላይ የሚያደርሰው ተጽእኖ ከፍ ያለ ነው።

ጽሑፉ የቴክኒክ መምሪያ ለመሆን አያስብም። ሆኖም መምህሩ በክፍሉ፣ ዕቅድ አውጪውም በጽሕፈት ቤቱ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ያህል የአሠራር ዝርዝር ከታሪኩ ጋር አጣምሮ ያቀርባል።

2. ከኮምፒዩተር በፊት የነበሩ መሣሪያዎች

እያንዳንዱ የማስተማሪያ መሣሪያ የራሱን የጥገና ሙያ ይዞ ይመጣል። ይህንንም ለመገንዘብ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ደርሶ ማስተማር ሲጀምር ከእርሱ ጋር የነበሩት መጻሕፍት በሩቅ ስፍራ የታተሙ ነበሩ። እርሱና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት በግእዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በሞንኩሎ፣ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታትመዋል። እነዚህ መጻሕፍት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ቢመጡም፣ በተቀደዱ ጊዜ ለመጠገን ወደ መጡበት አገር መመለስ አላስፈለጋቸውም። ቆዳ የሚያለፋ፣ ወረቀት የሚሰፋ ሰው በአገሩ ውስጥ ሞልቶ ነበር። የመጽሐፍ ብልሽት በዓይን የሚታይ፣ በእጅም የሚታረም ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠራር በአገራችን ሲዘረጋ፣ ከቀለም ትምህርቱ ጎን የእጅ ሙያ፣ የቤት አያያዝና የንግድ ሥራ ትምህርቶች ተጨመሩ። ከንግድ ሥራ ትምህርት ጋርም የጽሕፈት መኪና መጣ። የጽሕፈት መኪና ከመጽሐፍ ይልቅ ረቂቅ ቢሆንም፣ አንዱ ፊደል አልመታ ሲል መምህሩ ክዳኑን ከፍቶ የተጣመመውን ዘንግ ሊያይ ይችል ነበር። ምክንያትና ውጤት በአንድ ስፍራ ጎን ለጎን ይታዩ ነበርና።

የትምህርት ራዲዮ ሲስፋፋ ግን አዲስ ሁኔታ ተፈጠረ። ራዲዮ ዝም ሲል ምክንያቱ በዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ መምህራን ከልምድ የተማሩት አንድ ሥርዓት ነበር፦ አስቀድሞ ባትሪ ድንጋዩን መለወጥ፣ ቀጥሎ የባትሪውን ማቀፊያ ዝገት መጥረግ፣ ከዚያ የጣቢያውን መስመር መፈለግ፣ በመጨረሻም ወደ ራዲዮ ሠሪ መውሰድ። ይህ ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው የሚሄድ ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የኮምፒዩተር ብልሽት ፍለጋም ከዚህ የተለየ መሠረት የለውም። በሌላ አነጋገር፣ መምህሩ የማያውቀው መሣሪያውን እንጂ ሥርዓቱን አልነበረም።

3. የመብራት ታሪክ

የኮምፒዩተርን መነሣት ከኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው የፊንጫ የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር ከአገሪቱ ታላላቅ ማመንጫዎች አንዱ ነበር። ለግድቡም ሲባል የጮመን ረግረግና በዙሪያው የነበረ ሰፊ የእርሻና የግጦሽ መሬት በውኃ ተሸፍኗል። ኃይሉ ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ተስቦ በቅድሚያ ወደ አዲስ አበባና ወደ መካከለኛው አገር አመራ። ከዋናው የኃይል መረብ ያልተያያዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች እስኪያያዙ ድረስ በናፍጣ ጄኔሬተር ይገለገሉ ስለነበር፣ መብራት በአመዛኙ የምሽት ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ የቀን ተቋም ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ውጤቶችን ጥሏል። አንደኛው፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋው ለመብራት ብቻ ታስቦ መሆኑ ነው። አንድ ክፍል ለሁለት አምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሃያ ኮምፒዩተር ሲቀጠልበት ኃይሉ ይወድቃል፤ ፊውዙም ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ የምድር መስመር በአግባቡ ያልተቀበረበት ሕንፃ መብዛቱ ነው። ኮምፒዩተር ግን ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ይዞ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስተኛው እግር ከምድር ጋር የሚያገናኘው መሆኑ እየታወቀ፣ ተቆርጦ ወይም በሁለት እግር ማከፋፈያ ተተክቶ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

4. ኮምፒዩተር ወደ ኢትዮጵያና ወደ ወለጋ

ኮምፒዩተር ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች ነበሩ። መሣሪያዎቹ በተበሳ ካርድ የሚሠሩ፣ አንድ ሙሉ አዳራሽ የሚይዙ፣ የራሳቸው ባለሙያ ያላቸው ነበሩ። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤትም በኮምፒዩተር ተጠናቅሯል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ያቋቋመው የመረጃ ሥርዓትም ለአገራችን ባለሙያዎች ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር።

የወለጋ ተማሪ ከኮምፒዩተር ጋር በመጀመሪያ የተገናኘው ግን መሣሪያውን በማየት አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና መልስ በእርሳስ በሚጠቆር ወረቀት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በነቀምቴም ሆነ በነጆ የተቀመጠ ተፈታኝ ወረቀቱ በመኪና እንደሚነበብ ያውቅ ነበር። የጠቆረው ክብ ከመሥመሩ እንዳይወጣ፣ ወረቀቱም እንዳይታጠፍ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ መኪና ከሰው ይልቅ ትክክለኛነትን እንደሚጠይቅ የተማረበት የመጀመሪያ ትምህርት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ፈጣን ነው። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ለአገልግሎት ተከፈተ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ በሳተላይት የሚሠራጨውና መምህራን በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚሉት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘረጋ። የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂም ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆነ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ሥራውን ሲጀምር፣ በኋላም ጊምቢና ሻምቡ ላይ ካምፓስ ሲከፍት፣ ቀጥሎም ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ በአካባቢው የሠለጠነ የሰው ኃይል የማግኘት ዕድል ከቀድሞው እጅግ ሰፋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። በዚህም ምክንያት ኮምፒዩተር አለመነሣት የአንድ ክፍለ ጊዜ መስተጓጎል ብቻ መሆኑ ቀርቶ በተማሪው የወደፊት ዕድል ላይ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል። የቁልፍ ሰሌዳ ነክቶ የማያውቅ ተማሪና በየሳምንቱ የተለማመደ ተማሪ በአንድ ሰዓት ለአንድ ፈተና ሲቀመጡ፣ ልዩነታቸው የዕውቀት ብቻ አይሆንም።

5. «መነሣት» ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛ ለኮምፒዩተር የሰጠው ግሥ ለመኪና ሞተር የሰጠውን ነው፤ ሁለቱም «ተነሣ» ወይም «አልነሣም አለ» ይባላሉ። በእንግሊዝኛ «ቡት» የሚባለው ቃል ደግሞ የመጣው በጫማው ማሰሪያ ራሱን ስቦ ከመሬት ያነሣ ሰው ከሚል አባባል ነው። አባባሉ የማይቻለውን ነገር ይገልጻል፤ ችግሩም በእርግጥ ይኸው ነበር። ኮምፒዩተር ማንኛውንም ሥራ የሚሠራው በፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ከዲስክ አንብቦ ወደ ማስታወሻው ለማምጣት ግን ራሱ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ያስገባለት?

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየዘመኑ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለሽያጭ የቀረበው አልቴር 8800 በተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ተጠቃሚው የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች ከፊት ለፊት ያሉትን ማብሪያዎች አንድ በአንድ እያወጣና እያወረደ በእጁ ያስገባ ነበር። አይቢኤም በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ግን ኃይል ቢጠፋም በማይጠፋ ቺፕ ላይ የተጻፈ «ባዮስ» የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ነበረው። ይህ ፕሮግራም ዋናውን ሥርዓት ከዲስክ ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይመረምራል፦ ማስታወሻው አለን? የቁልፍ ሰሌዳው ተሰክቷልን? የስዕሉ ክፍል ይሠራልን? ሁሉ ደኅና ከሆነ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ካልሆነም በድምፅ ብዛትና ርዝመት ችግሩን ያመለክታል።

ይህ ለብልሽት ፍለጋ ታሪክ ዐቢይ ምዕራፍ ነው። ቀድሞ ባለሙያው መሣሪያውን ይመረምር ነበር፤ ከዚህ ወዲህ ግን መሣሪያው ራሱን መርምሮ ለባለሙያው መናገር ጀመረ። ንግግሩ ግን በየአምራቹ ስለሚለያይ የመሣሪያውን መምሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ፣ አዋርድ በተባለው ባዮስ አንድ ረዥምና ሁለት አጫጭር ድምፅ የስዕል ካርዱን ችግር ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኤቲ ቀንና ሰዓትን፣ የዲስኩንም ዓይነት የሚያስታውስ በባትሪ የሚሠራ ክፍል ጨመረ። በ1995 የወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ደግሞ የማብሪያውን ጠባይ ለወጠው። ከዚያ በፊት ማብሪያው ኃይሉን በቀጥታ ይቆርጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማብሪያው ለማዘርቦርዱ ምልክት የሚሰጥ ብቻ ሆነ። በመሆኑም ዛሬ የጠፋ የሚመስል ኮምፒዩተር ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ በውስጡ 5 ቮልት ኃይል አለ። መምህሩ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ገመዱን መንቀል ያለበት ስለዚህ ነው።

6. የፍለጋው ቅደም ተከተል

በተጠቃሚው አንደበት ሦስት የተለያዩ አባባሎች ይሰማሉ፤ እያንዳንዳቸውም የተለየ ብልሽት ያመለክታሉ። «አልበራም አለ» ማለት ፋኖሱም ማራገቢያውም እንቅስቃሴ አላሳዩም ማለት ነው። «በርቶ ግን አልነሣም» ማለት ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ነው ማለት ነው። «ተነሥቶ ቆመ» ማለት ደግሞ ጽሑፍ ታይቶ ዋናው ሥርዓት አልመጣም ማለት ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን እነዚህን ሦስት አባባሎች ለይተው እንዲጠቀሙ ካስተማረ፣ የፍለጋውን ግማሽ አከናወነ ማለት ይቻላል።

ከግድግዳው ሶኬት እስከ ስክሪኑ ያለው መንገድ እንደ ሰንሰለት ነው፦ ሶኬት፣ ማከፋፈያ፣ ገመድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ፣ ማስታወሻ ወይም ራም፣ የስዕል ክፍል፣ ስክሪን። ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እያንዳንዱን ቀለበት መመርመር ይቻላል። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከመካከል ጀምሮ ሰንሰለቱን ለሁለት መክፈል ነው። ማራገቢያው ይዞራልን? የሚዞር ከሆነ ኃይሉ እስከዚያ ደርሷልና ከሶኬት እስከ ገመድ ያለውን መመርመር አያስፈልግም። የማይዞር ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የሚፈለገው ከእርሱ በፊት ባሉት ክፍሎች ነው። በአንድ ጥያቄ የፍለጋው ስፍራ በግማሽ ይቀንሳል።

«አልበራም» በሚባልበት ጊዜ፣ በዚያው ሶኬት ላይ እንደሚሠራ የታወቀ ሌላ መሣሪያ ይሰካል። ቀጥሎ ገመዱ ከሚሠራ ኮምፒዩተር ገመድ ጋር ይለዋወጣል። ከፓወር ሰፕላዩ በስተኋላ ያለው ትንሽ ማብሪያ እንዳልጠፋ ይታያል። ይህ ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር ገመዱ ተነቅሎ፣ የፊቱ ማብሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ይቆይና በውስጡ የቀረው ኃይል ከወጣ በኋላ እንደገና ይሞከራል።

«በርቶ ግን አልነሣም» ሲባል፣ በመጀመሪያ የሚታየው ስክሪኑ ነው። ስክሪን የራሱ ማብሪያና የራሱ ገመድ ያለው ሌላ መሣሪያ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስክሪኑ ደኅና ከሆነ ገመዱ ተነቅሎ ክዳኑ ይከፈታል፤ እጅ ብረቱን ነክቶ በሰውነት ላይ ያለው የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ከወረደ በኋላ ራሙ ይወጣል፤ ወርቃማው ጠርዙም በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ይታሻል፤ ብናኙ ተጠርጎም በቦታው እስኪጮኽ ድረስ ይሰካል። ላጲስ በየትኛውም ክፍል የሚገኝ ዕቃ በመሆኑ፣ ይህ ጥገና ወጪ አያስከትልም።

«ተነሥቶ ቆመ» ሲባል ደግሞ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል መመዝገብ ይገባል። የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ሲታይ፣ ዲስኩ ሞቷል ከማለት በፊት በፊቱ ወይም በኋላው ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። መሣሪያው ከዚያ ባዶ ፍላሽ ለመነሣት እየሞከረ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም የዲስኩ ገመድ ይጠብቃል። የሃርድ ዲስክ ገጽ በጣም ስስ በሆነ የኮባልት፣ የክሮምየምና የፕላቲነም ቅይጥ የተለበጠ ነው። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕላቲነም ይወጣበት የነበረው ዩብዶ በምዕራብ ወለጋ መገኘቱን የኬሚስትሪ መምህር ለተማሪዎቹ ቢያስታውስ፣ መሣሪያው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከምድር ማዕድን የተሠራ መሆኑን ይረዱለታል።

በዚህ ስፍራ አንድ የተለመደ ስሕተት ማንሣት ግድ ይሆናል። በየከተማው «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ቃል ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን አጥፍቶ ሥርዓቱን እንደገና መጫን ነው። በዚህም የተማሪዎች ውጤት፣ የፈተና ጥያቄና የመምህሩ የዓመት ዝግጅት አብሮ ይጠፋል። ብልሽቱ ከራም ወይም ከገመድ የመጣ ከሆነ ደግሞ ፎርማት ምንም አይረዳም። የመጨረሻው እርምጃ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም።

7. ከአካባቢው ሁኔታ የሚመነጩ ምክንያቶች

በወለጋ ከተሞች ትኩረት የሚሹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የቮልቴጅ መምረጫ ነው። በዕርዳታ የሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በ115 ቮልት ከሚሠሩ አገሮች ሊመጡ ይችላሉ። በብዙዎቹ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መምረጫ አለ። መምረጫው በ115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በቅጽበት ይቃጠላል። ከሳጥኑ በወጣ ዕለት አንድ ደቂቃ ወስዶ ማየት መሣሪያውን ያድናል።

ሁለተኛው መብረቅና የኃይል መዋዠቅ ነው። የወለጋ ክረምት ረዥም ነው፤ ዝናቡም ከፍተኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ገመድ መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ መሰካት ያስፈልጋል፤ ኃይል ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ከልኩ ሊያልፍ ይችላልና። ስታቢላይዘር መዋዠቁን ይቀንሳል፤ ከመብረቅ ግን አያድንም። ከመብረቅ የሚያድነው የተነቀለ ገመድ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያው ዕድሜ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች ይዘው ወጥተዋል። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ያበጠ፣ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተር በዓይን ይታያል። ይህ በዘመናዊ መሣሪያ ላይ በዓይን ከሚታዩ ጥቂት ብልሽቶች አንዱ ነው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ሥራ ፈትቶ መቆም ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ለሰባት ወራት ያህል ተዘጉ። ከዚያ ወዲያም በወለጋ ዞኖች በደረሰው የጸጥታ መታወክ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ከኃይል ተለይቶ የቆመ ኮምፒዩተር የሰዓቱን ኃይል የሚያገኘው ከሳንቲም መሳይዋ የ3 ቮልት ባትሪ ብቻ ስለሆነ፣ ባትሪዋ ትደክማለች። አቧራና እርጥበትም በራሙ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ክፍሉ ሲከፈት መሣሪያው ቀኑን ይጠይቃል፤ የዲስኩን ቅደም ተከተል ይረሳል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይነሣም። ይህ ሞት ሳይሆን እንቅልፍ ነው። ባትሪ ቁጥሩ ሲአር2032 ሲሆን በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ይገኛል።

ባትሪ ሲለወጥ ቀንና ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሞላት እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን የሞላ ሰው መሣሪያውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መሣሪያው ይነሣል፤ በኢንተርኔት ያሉ ገጾች ግን የደኅንነት ማረጋገጫቸው ጊዜ ስለማይገጥም አልከፈትም ይላሉ። ብልሽት የሚመስለው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው።

8. ማን ይክፈተው?

ከላይ የተዘረዘሩት እርምጃዎች አብዛኞቹ ከጠመንጃ መፍቻ ያለፈ መሣሪያ አይጠይቁም። ታዲያ ለምን አይፈጸሙም? መልሱ ከቴክኒክ ይልቅ በአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የመንግሥት ንብረት አስተዳደር ለጠረጴዛ፣ ለወንበርና ለቁም ሣጥን የተዘጋጀ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ዕቃን መክፈት ማለት ማጉደል ማለት ነው። ንብረቱ በስሙ የተመዘገበበት መምህር ክዳኑን ከፍቶ ራሙን ቢያወጣና አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂ ይሆናል፤ ሳይነካው ቢያስቀምጠው ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ መምህሩ አለመንካቱ ከስንፍና ሳይሆን ከጥንቃቄ የመነጨ ነው። ደንቡ የሸለመውን ፈጽሟል።

ውጤቱ ግን ከባድ ነው። አንድ ላጲስ ሊያድነው የሚችል ኮምፒዩተር «የተበላሸ» ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ከጎኑ ሌላው ይከማቻል። ከሁለት የሞቱ ኮምፒዩተሮች የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ከሌላው ማዘርቦርድ ጋር አጣምሮ አንድ ሕያው ማውጣት እየተቻለ፣ ሁለቱ በሁለት የተለያየ የመዝገብ ቁጥር ስለተያዙ መቀላቀል አይፈቀድም።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ለሁሉ ይፈቀድ ማለት አይደለም። የፓወር ሰፕላይ ሳጥን በመምህርም በተማሪም ሊከፈት አይገባም። 220 ቮልት በውስጡ ተጣርቶ ወደ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ኃይል ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ለጊዜው በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ሕይወት ያጠፋል። ፓወር ሰፕላይ የሚለወጥ እንጂ በክፍል ውስጥ የሚጠገን አይደለም።

9. ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ ዳሰሳ የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

ሀ) ለመምህሩ የተወሰነ የመክፈት ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጠው። ፈቃዱ የውጭ ገመዶችን፣ ራሙን፣ ባትሪውንና የዲስክ ገመዶችን ብቻ የሚመለከት ሆኖ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር በመዝገብ ይፈጸም።

ለ) ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ ደብተር ይከፈትለት። አልነሣ ያለበት ቀን፣ የታየው ምልክት፣ የተወሰደው እርምጃና ውጤቱ ይጻፍበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዕቅድ አውጪው ለባትሪ ይሁን ለፓወር ሰፕላይ በጀት መያዝ እንዳለበት ከዚህ ደብተር በላይ የሚነግረው የለም።

ሐ) ኮምፒዩተር ሲገዛ ወይም በዕርዳታ ሲመጣ መለዋወጫው አብሮ ይታቀድ። ጥቂት ባትሪዎች፣ ትርፍ ገመዶችና አንድ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች ከአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ያንሳሉ፤ የሚያስነሡት ግን ከአንድ በላይ ነው።

መ) በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የቆሙ መሣሪያዎች ላይ እንዲያደርጉ ይመደቡ። ኮሌጁ የተበላሸ መሣሪያ ለማስተማሪያ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚያነሣለት ይፈልጋል።

ሠ) የብልሽት ፍለጋ እንደ ትምህርት ይታይ። ያየውን ከገመተው መለየት፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም መመዝገብ የሳይንስ ዘዴ ሁሉ መሠረት ነው። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ በየግምጃ ቤቱ ተቆልፎ ይገኛል።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ሊፈጸም የሚችል አንድ ተግባር አለ። በሚመጣው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ እያንዳንዱ ርእሰ መምህር ከንብረት ክፍል ኃላፊውና ከመምህሩ ጋር ሆኖ የተቆለፉትን ኮምፒዩተሮች አንድ በአንድ ያስሞክር፤ «አልበራም»፣ «በርቶ አልነሣም» እና «ተነሥቶ ቆመ» በሚሉ ሦስት ዓምዶችም ያስመዝግብ። ለወረዳው የሚላከው ዘገባ ይህን ዝርዝር የያዘ ሲሆን፣ የቆሙት መሣሪያዎች ስንቶቹ በትምህርት ቤቱ፣ ስንቶቹ በኮሌጁ ሊነሡ እንደሚችሉ፣ ስንቶቹም መሰረዝ እንዳለባቸው በውል ይታወቃል።